መሪ ላይ የሚቀመጥ ማርሽ ለሌላ መኪና ካምቢዮ፦ ድሬዳዋ ላይ የተሠራ የአንድ ፔጆ 404 የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በአሮጌ አካል ላይ ሌላ ሞተር መጫን በአገራችን ጋራዦች እንግዳ ሥራ አይደለም። ሞተሩ ሲቀየር ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አብሮ ይመጣል፤ የማርሽ እጀታው የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ሁሉም ነገር ታስሮ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ መልሱ ወለሉን በግራይንደር ቀድዶ እጀታውን በቀዳዳው ማውጣት ይሆናል። እዚህ የቀረበው ጉዳይ ከዚህ የተለየ መንገድ የያዘው ባለቤቱ እጀታው ከመሪው ላይ እንዳይወርድ አጥብቆ በመጠየቁ ነው። ጥያቄው በልምድ ብቻ የሚመለስ ስላልነበረ መለካትን አስገድዷል፤ የተገኘው መልስ ለሌሎች አሮጌ መኪኖችም ስለሚያገለግል እንዲመዘገብ ተደርጓል። ጸሐፊው በሥራው ላይ በአማካሪነት ተገኝቷል። የባለቤቱ፣ የቤተሰቡ፣ የጋራዡና የባለሙያዎቹ ስም አልተጠቀሰም።

መኪናው እና ባለቤቱ

ፔጆ 404 ለሐረርና ለድሬዳዋ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። የሐረርን ፈረስ መጋላ የሚያውቅ ሁሉ እዚያ ተሰልፈው ተሳፋሪ ሲጠብቁ የኖሩትን ፔጆዎች ያውቃል። አካሉን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ሲሆን፣ በፈረንሳይ የተመረተው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1975 ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉን ሁለት ጠባዮቹ ናቸው፤ አንደኛው 1,618 ሲሲ የሆነው የቤንዚን ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ጋደል ብሎ መቀመጡ፣ ሁለተኛው ደግሞ ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮው የሚታዘዘው በመሪው ግንድ ላይ ባለ እጀታ መሆኑ ነው።

ይህ መኪና በባለቤቱ አባት እጅ ለረጅም ዘመን ሐረር ውስጥ ታክሲ ሆኖ ሠርቷል። አባቱ ሥራውን ሲተዉ ግቢ ውስጥ ቆመ፤ ሞተሩም ነከሰ። ልጁ ኑሮውን ድሬዳዋ ካደረገ በኋላ መኪናውን በጭነት አስወርዶ ከአንድ ያረጀ የጃፓን ፒክአፕ የተነሳ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ከነ 5 ማርሽ ካምቢዮው አስገጠመለት። የ404 ትራስሚሲዮን (ጉልበቱን ወደ ኋላ አክስል የሚያደርሰው ዘንግ) ከዲፈረንሻሉ ጋር በተያያዘ ዝግ ቱቦ ውስጥ ስለሚሽከረከር ከአዲሱ ካምቢዮ ጋር ሊገናኝ አልቻለም፤ ስለዚህ የፒክአፑ የኋላ አክስል አብሮ ገባ። አሜሪካኖች ሆት ሮድ የሚሉት ዓይነት መኪና እንዲህ ባለ መንገድ ነው የሚወለደው፤ አካሉ የድሮ፣ ጉልበቱ የሌላ።

ጸሐፊው ሲጠራ ሞተሩ ተቀምጦ ነበር። የፔጆው የማርሽ እጀታ በቦታው አለ፤ ከሥሩ የሚወርዱት ሁለት ዘንጎች ግን የሚይዛቸው አጥተው በኮፈኑ ሥር ተንጠልጥለዋል።

እጀታው መሪው ላይ እንዲቀር የተፈለገበት ምክንያት ጌጥ ብቻ አልነበረም። በዚህ መኪና የፊት ወንበሩ ወጥ ስለሆነ ቤተሰቡ ለአረፋ ወይም ለሰርግ ወደ ሐረር ሲወጣ ከፊት ሦስት ሰው ይቀመጣል፤ ከወለል የሚወጣ እጀታ ደግሞ መካከለኛውን ሰው ያስነሳዋል። ሌላው ምክንያት አባቱ ናቸው። መኪናውን አሁንም ራሳቸው መንዳት ይፈልጋሉ፤ ወለሉ ሊቀደድ መሆኑን ሲሰሙ «አቦ፣ ማርሹ ከመሪው ከወረደማ እኔ ምን አገባኝ፣ የናንተ መኪና ነው!» ማለታቸውን ልጁ ነግሮናል።

ችግሩ ምን ነበር

መካኒኩ በመጀመሪያ ያሰበው ሁለቱን የፔጆ ዘንጎች አርዝሞ ከአዲሱ ካምቢዮ ጋር ማያያዝ ነበር። ይህ የማይሆንበትን ምክንያት ለመረዳት እጀታው በሁለቱ መኪኖች ላይ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ መለየት ያስፈልጋል።

ማንኛውም የእጅ ማርሽ ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ ረድፍ ይመርጣል፤ ማለትም 1ኛና 2ኛ ያሉበትን ወይም 3ኛና 4ኛ ያሉበትን መስመር ያገኛል። ከዚያ በተመረጠው ረድፍ ላይ ማርሹን ያስገባል። መሪ ላይ ባለ እጀታ መምረጥ የሚከናወነው እጀታውን ወደ ራስ በመሳብ ወይም ወደ ዳሽቦርዱ በመግፋት ነው፤ ይህ በግንዱ ላይ ያለውን ዘንግ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች ያንሸራትተዋል። ማስገባት ደግሞ እጀታውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በማንሳትና በማውረድ ይፈጸማል፤ ይህ ዘንጉን ያዞረዋል። ባጭሩ በመሪው በኩል ማንሸራተት ይመርጣል፣ ማዞር ያስገባል።

ከወለል እንዲታዘዝ የተሠራው የፒክአፑ ካምቢዮ ግን ተቃራኒውን ይጠይቃል። በውስጡ ያለው አንድ ዋና ዘንግ ወደ ጎን ሲዞር ረድፍ ይመርጣል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንሸራተት ማርሽ ያስገባል። ስለዚህ ከመሪው የሚመጣው መዞር ወደ መንሸራተት፣ መንሸራተቱ ደግሞ ወደ መዞር መለወጥ አለበት። በዚህ ላይ የቦታ ጣጣ ተጨመረ። የፔጆው ሞተር ወደ ቀኝ ጋደል ያለ ስለነበረ በግራ በኩል፣ በመሪው ግንድ ሥር፣ ሰፊ ክፍተት ነበረው፤ አዲሱ ሞተር ቀጥ ብሎ ስለቆመ ያ ክፍተት ተበልቷል።

የታዩት አማራጮች

ከሁሉም በፊት ገንዘብ የወጣበት አማራጭ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ገዝቶ የላከው በክሮም ያጌጠ የመሪ ግንድ ነው። ለእንዲህ ዓይነት የተለወጡ አሮጌ መኪኖች ተብሎ የሚሸጥ ነው፤ እጀታም አለው፣ ሲታይም ያምራል። ሳጥኑ ተከፍቶ እጀታው ሲሞከር ግን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ግንድ ሆኖ ተገኘ። እጀታው ወደ ራስ ሲሳብ የሚንቀሳቀሰው የላይኛውን መቆለፊያ ለማለፍ ብቻ ነው፤ እንቅስቃሴው ወደ ታች አይተላለፍም፤ ከሥር ያለው ክንድም አንድ ብቻ ነው። አንድ ክንድ ማስገባት ይችል ይሆናል፣ መምረጥ ግን አይችልም። ለዚህ ገበያ ከሚሠሩት እጀታ ያላቸው ግንዶች አብዛኞቹ ለአውቶማቲክ የታሰቡ ስለሆኑ «የማርሽ እጀታ ያለው» የሚለው መግለጫ ለገዢ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ዕቃው እስከ ዛሬ ከነሳጥኑ አለ።

የአሜሪካ አሮጌ መኪኖች ባለ 3 ማርሽ ግንድም ተነስቶ ነበር። ይህ ዓይነቱ አሠራር በአሜሪካ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋ ሲሆን በግንዱ ሥር ሁለት ክንዶች አሉት፤ አንዱ 1ኛንና የኋላ ማርሽን፣ ሌላው 2ኛንና 3ኛን ያስገባል። ምርጫው የሚፈጸመው እዚያው ግንዱ ላይ ነው፤ እጀታው ሲሳብ አንዱን ክንድ ይይዛል፣ ሲለቀቅ ሌላውን። ካምቢዮው በጎኑ ሁለት ማንሻ ካለው ከዚህ የሚቀል ሥራ የለም፤ ሁለት ዘንግ ዘርግቶ ማሰር ብቻ ነው። የኛ ካምቢዮ ግን በጎኑ ምንም ማንሻ የሌለው፣ ሦስት ረድፍ ያለው ነው። ሁለት ረድፍ ብቻ የሚያውቅ ግንድ 5ኛንና የኋላ ማርሽን የሚያደርስበት መንገድ የለውም።

ሦስተኛው አማራጭ ከአሮጌ ሚኒባስ የወጣ ግንድ ነበር። የሚኒባስ ሾፌር የሚቀመጠው ከፊት ጎማው አጠገብ ስለሆነ የመሪው ግንድ ወደ ቀጥታ የተጠጋ ቁመት አለው፤ የፔጆው ግን ረጅምና ወደ ፊት የተጋደመ ነው። ግንዱን ለማስማማት የመሪውን ዘንግ መቁረጥና መበየድ ያስፈልግ ነበር። በዚህ ላይ ክርክር አልተደረገም። የተበየደ የመሪ ዘንግ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ ቢበጠስ የሚከተለውን ለድሬዳዋ ሾፌር መንገር አያስፈልግም።

በወለል ላይ የሚወጣው የራሱ የካምቢዮው እጀታ በወጪም በአስተማማኝነትም ከሁሉም የተሻለ ነበር፤ ይህ ለባለቤቱ በግልጽ ተነግሮታል። የፈለገው ግን እንደዚያ አልነበረም፣ ፍላጎቱም ምክንያት ያለው ነበር።

የተመረጠው አምስተኛው መንገድ ነው፤ የፔጆውን የራሱን ግንድና እጀታ መጠበቅ፣ ከሥሩ ግን እንቅስቃሴውን የሚለውጥ አዲስ ማያያዣ መሥራት። ምርጫውን የደገፈው አንድ ቁም ነገር አለ። የፔጆው ካምቢዮ 4 ማርሽ ብቻ ቢኖረውም የኋላ ማርሹ ለብቻው ረድፍ ስላለው እጀታው ሦስት ረድፍ ያውቃል። የፒክአፑ ካምቢዮም ሦስት ረድፍ ነው፤ ልዩነቱ በሦስተኛው ረድፍ ላይ ከኋላ ማርሹ ትይዩ 5ኛ መኖሩ ነው። የረድፍ ቁጥሩ ከገጠመ የቀረው የዘንግና የክንድ ሥራ ነው።

የተሠራው ሥራ

መጀመሪያ እጀታው ራሱ ተፈተሸ። የላይኛውና የታችኛው ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ተበልተው ስለነበር ዘንጉ በግንዱ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሮጌ ፔጆ የነዳ ሰው ይህን ሕመም ያውቀዋል፤ ማርሹ በሁለት ረድፍ መካከል ይነክሳል፣ ሾፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ ዘንጎቹን በእጁ ካላስተካከለ መኪናው አይንቀሳቀስም። የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያው፣ በዕድሜ የገፉና ሙያውን በድሬዳዋው የባቡር ወርክሾፕ የተማሩ ሰው፣ ሁለቱንም ቡሾች ከነሐስ ቀርጸው ሠሩ። ፕላስቲክ ይሻላል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ እሳቸው ግን የታችኛው ቡሽ ከሞተሩ ሙቀት አጠገብ መሆኑን አይተው በነሐስ ጸኑ፣ የግራሶ መግቢያ ቀዳዳም ጨመሩበት።

ቀጥሎ የካምቢዮው ረጅም የወለል እጀታ ተነስቶ በቦታው አጭር ጉቶ ተሠራለት። ጉቶው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ ማርሽ ይገባል፣ ወደ ጎን ሲገፋ ረድፍ ይመረጣል። ከመሪው ግንድ ሥር ያለው ክንድ የሚወዛወዘው ግን ከግንዱ አቅጣጫ በተሻገረ መንገድ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። ይህን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለመለወጥ በማዕዘኑ ላይ በተተከለ ምሶሶ የሚዞር፣ ሁለት እኩል ጎን ያለው ማጠፊያ ክንድ ተሠራ፤ አንዱ ጎኑ ከላይ ሲሳብ ሌላው ወደ ፊት ይገፋል። የግንዱን መንሸራተት ወደ ጎን ግፊት የሚለውጥ ሌላ ማጠፊያ ክንድም ተጨመረ። የዘንጎቹ ጫፎች ኳስ ያላቸው መጋጠሚያዎች ሲሆኑ፣ ርዝመታቸው እንዲስተካከል ጥርስ ወጥቶላቸው በሁለት ተቃራኒ ዳዶ ተያዙ።

ማጠፊያ ክንዶቹ የት ይታሰሩ የሚለው በጋራዡ ውስጥ አከራክሯል። መካኒኩ በአካሉ ላይ፣ በእሳት መከላከያው ግድግዳ ሥር መበየዱ እንደሚቀል ተናገረ፤ ትክክል ነው፣ ይቀላል። ነገር ግን ሞተርና ካምቢዮ በጎማ መቀመጫ ላይ ስለሆኑ ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ይወዛወዛሉ፤ አካሉ ግን አይወዛወዝም። ማጠፊያው አካሉ ላይ ከታሰረ ይህ ውዝዋዜ በቀጥታ ወደ ማርሹ ይተላለፋል። ስለዚህ ሁለቱም ክንዶች በካምቢዮው የራሱ ብሎኖች ላይ በተያዘ ወፍራም ላሜራ ላይ እንዲተከሉ ተደረገ፤ ከአካሉ ወደ ካምቢዮው የሚሻገሩት ዘንጎች ደግሞ በተቻለ መጠን ረጅም ተደረጉ፤ ዘንግ በረዘመ መጠን ያው ውዝዋዜ የሚያስከትለው ስሕተት ያንሳል።

አሰላለፉ የተስተካከለው በሚስማር ነው። በግንዱ ክንድና በመያዣው ላይ ትይዩ የሆነ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተበሳ፤ እጀታው በመካከለኛው ረድፍ ምንም ማርሽ ሳይገባ ሲቆም ሁለቱ ቀዳዳዎች ይገጥማሉ። ሚስማሩ ከተሰካ በኋላ ካምቢዮው በራሱ ሞላ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተትቶ ዘንጎቹ እስኪገጥሙ ድረስ ብቻ ዳዶዎቹ ተዞሩ። ሚስማሩ ያለ ግፊት ወጥቶ ያለ ግፊት ሲገባ ሥራው ልክ ነው ማለት ነው። ይህ ቀዳዳ ወደፊት ማንኛውም መካኒክ ያለ ግምት እንዲያስተካክል ስለሚያስችል ከሥራው ሁሉ እጅግ ርካሹና እጅግ ጠቃሚው ክፍል እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደንገጎ ላይ የታየው

በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ሜዳማ ጎዳናዎች ላይ ሁሉም ማርሽ በደንብ ገባ። ባለቤቱ ሥራው ያለቀ መሰለው። የቶርኖ ባለሙያው ግን ሂሳባቸውን ከመቀበላቸው በፊት መኪናው ደንገጎን እንዲወጣ ጠየቁ።

ከድሬዳዋ ሐረር ያለው መንገድ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ስትሆን መንገዱ ደንገጎን ሲወጣ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፣ ከዚያም በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ይገባል። ዳገቱ ረጅም፣ መታጠፊያው ብዙ ነው፤ 2ኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ለረጅም ጊዜ ይሠራል። በዳገቱ ላይ 2ኛ ማርሽ ወጣ። መልሶ ሲገባ፣ ሾፌሩ ነዳጅ ለቀቅ አድርጎ እንደገና ሲሰጥ ደግሞ ወጣ። እጀታው በእጅ ተይዞ ካልቆየ አልረጋ አለ።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ በካምቢዮው ላይ ነበር፤ ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ጥርሱ ተበልቷል ተባለ። ከመፈታቱ በፊት ግን መለካት ተመረጠ፤ ልኬቱም ሌላ ነገር ተናገረ። የካምቢዮው ዘንግ ማርሽ ሙሉ በሙሉ እንዲገባ ከመካከሉ ወደ አንድ አቅጣጫ 11 ሚሊ ሜትር መጓዝ አለበት። የፔጆው እጀታ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚዞረው 18 ዲግሪ ያህል ሲሆን ከሥሩ ያለው ክንድ 35 ሚሊ ሜትር ነበር። ይህ ክንድ በ18 ዲግሪ የሚሰጠው ጉዞ 10.8 ሚሊ ሜትር ነው። በወረቀት ላይ ለመብቃት ጥቂት ብቻ የቀረው ይመስላል፤ በመጋጠሚያዎቹ ሁሉ ያለው ልቅነት ሲደመር ግን 2 ሚሊ ሜትር ያህል በመንገድ ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ካምቢዮው የሚደርሰው 9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነበር። ጥርሶቹ ይነካካሉ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይያያዙም፤ በውስጥ ያለው የመያዣ ኳስም ጎድጓዳው ውስጥ አይወድቅም። ሜዳ ላይ ይህ አይታወቅም። ዳገት ላይ ግን ማርሹ ይገፋል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ እጀታው መጨረሻው ላይ ሲደርስ «ጠቅ» የሚል ስሜት ይሰጥ ነበር። ሾፌሩ ማርሹ ገብቷል ብሎ እንዲያምን ያደረገው ይህ ነው። ድምፁ የመጣው ግን ከካምቢዮው አልነበረም፤ በግንዱ ላይ ያለው የፔጆው የድሮ ማቆሚያ ነበር።

ማስተካከያው

ክንዱ ከ35 ወደ 45 ሚሊ ሜትር እንዲረዝም ተደረገ። በዚህ ርዝመት 18 ዲግሪ 13.9 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ ልቅነቱ ተቀንሶለት እንኳ ከሚፈለገው 11 ይበልጣል። የተከፈለው ዋጋ የእጅ ጉልበት ነው። የእጀታው ጫፍ ከግንዱ 28 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ በአጭሩ ክንድ የእጅ ጉልበት 8 እጥፍ ይሆን ነበር፣ በረጅሙ ግን ከ6 እጥፍ ትንሽ ያለፈ ነው፤ ማርሹ ከበፊቱ ከሩብ ትንሽ በላይ ከብዷል። አባቱ ሲሞክሩት ክብደቱን ወዲያውኑ አውቀውታል፣ ግን አልጠሉትም።

በግንዱ ላይ ያሉት የድሮ ማቆሚያዎች በሞረድ ተቀነሱ፤ ዓላማው እጀታው የሚቆመው በካምቢዮው ውስጥ ባለው ማቆሚያ እንጂ በግንዱ ላይ ባለው እንዳይሆን ነው። ከዚያ በኋላ በሁሉም ማርሽ እጀታው ከቆመበት አልፎ ትንሽ የመለጠጥ ስሜት ይሰጣል፤ ያ ስሜት ማርሹ ሙሉ በሙሉ መግባቱን ያረጋግጣል።

በዚሁ ጊዜ ሌላ እንከን ታየ። በካምቢዮው ውስጥ ያለው ሞላ ጉቶውን ወደ 3ኛና 4ኛ ረድፍ ይመልሰዋል፤ በመሪው ግንድ ላይ ያለው የፔጆ ሞላ ደግሞ እጀታውን ወደ አንድ ጠርዝ ይገፋዋል። ሁለቱ ሲታገሉ እጀታው በረድፎች መካከል ይቆም ነበር፤ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሲኬድም አንዳንዴ 1ኛ ይገኛል። የፔጆው ሞላ ተነስቶ በቦታው ሮንዴላ ገባ፤ ችግሩም ጠፋ።

የሠራው እና ያልሠራው

ከማስተካከያው በኋላ መኪናው ደንገጎን ደጋግሞ ወጥቷል፣ ወርዷልም፤ ማርሽ አልወጣም። በቁልቁለትም ላይ 2ኛ ማርሽ ፍሬኑን እያገዘ ይይዛል። የነሐስ ቡሾቹ ጸንተዋል፤ በአቧራ ምክንያት ግን ግራሶ አዘውትረው ይጠይቃሉ።

ያልሠራ ነገርም አለ። ከ4ኛ ወደ 5ኛ ሲኬድ እጀታው ከታች ተነስቶ ወደ ዳሽቦርዱ ተገፍቶ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ይህ እጅ ከመሪው ለረጅም ጊዜ እንዲለይ ያደርጋል፣ ሥራውም ፈጣን አይደለም። ከዚህ ማያያዣ የወለል እጀታ ያለውን ፍጥነት መጠበቅ አይገባም። መጋጠሚያዎቹም ስምንት ስለሆኑ እያንዳንዱ ትንሽ ሲላላ ድምሩ ወደ ድሮው ችግር ይመልሳል፤ ባለቤቱ ይህን ተረድቶ በየጊዜው በሚስማሩ መፈተሽን ተቀብሏል።

ለሌላ መኪና የሚተርፈው

ማርሹን መሪ ላይ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ፍለጋውን ከእጀታው ሳይሆን ከካምቢዮው ይጀምር። የካምቢዮው ማዘዣ በጎኑ ያሉ ሁለት ማንሻዎች ከሆኑ ሁለት ክንድ ያለው ግንድ ይፈልጋል፤ ከላይ የሚገባ አንድ ጉቶ ከሆነ የሚንሸራተትና የሚዞር ግንድ ከነማጠፊያው ያስፈልገዋል። ረድፎቹ ስንት እንደሆኑ መቁጠርም ከመግዛት በፊት ነው። የኛ ባለቤት የገዛው የክሮም ግንድ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ማለትም «እጀታው ሲሳብ ከሥር የሚንቀሳቀስ ነገር አለ ወይ?» ቢባል ኖሮ፣ ገንዘቡ ይድን ነበር።

የክንዱ ርዝመት በስሌት ይወሰን፤ ስሌቱም ልቅነቱን ቀንሶ ይሁን። አጭር ክንድ ለእጅ ቀላል ነው፣ ስለዚህም ሁልጊዜ ያታልላል። ረጅሙ ክንድ ቢከብድም ማርሹን ያደርሰዋል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ክብደቱን መምረጥ ይሻላል፤ ምክንያቱም በግማሽ የገባ ማርሽ ጥርስ ይበላል፣ ካምቢዮውንም ያጠፋል። ማርሽ የሚወጣ ካምቢዮ ከመፈታቱ በፊት የማያያዣው ጉዞ ይለካ፤ አሮጌ መኪና ላይ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ውጭ ነው።

ሙከራው ጭነት ባለበት ቦታ ይደረግ። ድሬዳዋ ያለ ሰው ደንገጎ አለው፤ ሌላውም በአቅራቢያው ዳገት አያጣም። የመሪው ዘንግ ላይ የሚደረግ ብየዳን በተመለከተ ከላይ የተባለው ይበቃል።

ከሥራው በኋላ የቀረው

ሞተሩ ስለተቀየረ በሊብሬው ላይ የተመዘገበው የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አይገጥምም፤ ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ከመቅረቡ በፊት መስተካከል ስላለበት ባለቤቱ ሂደቱን ጀምሯል። የኋላ ማርሽ መብራቱ ማብሪያም በአዲሱ ካምቢዮ ላይ ስላለ ሽቦው ወደዚያ ተዘርግቷል።

የማርሽ አቀማመጡ የተወሰነው በአባቱ አስተያየት ነው። 404 በምርት ዘመኑ ካምቢዮው ስለተለወጠ አቀማመጡ በሁሉም ላይ አንድ አይደለም፤ እሳቸው የለመዱት የድሮውን ነው፣ ያ ደግሞ ከአዲሱ ካምቢዮ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። በመጨረሻ 1ኛና 2ኛ ወደ ሾፌሩ በተሳበው ረድፍ፣ 3ኛና 4ኛ በመካከለኛው፣ 5ኛና የኋላ ማርሽ ወደ ዳሽቦርዱ በተገፋው ረድፍ ሆኑ። 5ኛ ከላይ፣ የኋላ ማርሽ ከታች ነው። ካምቢዮው ከ5ኛ በቀጥታ ወደ ኋላ ማርሽ እንዳይገባ የሚከለክል የራሱ መቆለፊያ በውስጡ ስላለው በግንዱ ላይ ሌላ አልተጨመረም። አባቱ ግን 5ኛ ማርሽን ፈጽሞ አይጠቀሙበትም፤ የኋላ ማርሽ ሲፈልጉ 5ኛን እንዳያገኙ እንዲዘጋላቸው ጠየቁ። ለዚህም በዚያ ረድፍ ወደ ላይ መሄድን የሚከለክል ትንሽ ላሜራ ተሠርቷል፤ በሁለት ብሎን ስለሚታሰር እሳቸው ሲነዱ ይገባል፣ ልጁ ወደ ረጅም መንገድ ሲወጣ ይፈታል።